«የለም» ያልኩበት አራት ደቂቃ

«የለም» አልኩት።

ዳኘ የመድኃኒት መስጫውን መስኮት በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ከኦፕራሲዮን ክፍል ድረስ ሮጦ ስለመጣ ትንፋሹ ይቆራረጣል። ቀና ብዬ አላየሁትም። የምጽፈው ነገር ያለኝ ይመስል እስክሪብቶዬን ባዶ መስመር ላይ አንቀሳቅሳለሁ።

«ምንም? አንድም?»

«አልቋል አልኩህ እኮ።»

«እሺ» አለና ዞሮ ሮጠ።

ከኋላዬ ባለው ቁም ሣጥን፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ፣ አንዲት የጋላሚን ብልቃጥ ነበረች። የመጨረሻዋ። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው።

ለምን እንደዋሸሁ እናገራለሁ። ሰበብ ግን አልፈልግለትም።

ዳኘ የሆስፒታላችን የማደንዘዣ ነርስ ነው። እኔ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ በፋርማሲ ተመርቄ በምደባ ወደ ትውልድ ከተማዬ ሆሳዕና የተመለስኩ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ከሙዱላ የመጣ አንድ ገበሬ የቡአ ኦፕራሲዮን ተደረገለት። በማግሥቱ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ፣ «እናንተ ሰዎች፣ አስተኝታችሁ ስትደበድቡኝ ነበር እንዴ? እኔ የሰጠኋችሁ ሆዴን ነው፤ ትከሻዬንና ባቴን ማን ነካው?» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። ዳኘ ብቻ አልሳቀም። በቀጥታ እኔ መስኮት ጋ መጣ።

«ሰውዬው እውነቱን ነው» አለኝ። «ጉሮሮ ውስጥ ቱቦ ለማስገባት የምንወጋው መድኃኒት ጡንቻን ያላላል። ከማላላቱ በፊት ግን ገላውን ሁሉ ለጥቂት ሰከንድ ያንዘፈዝፈዋል። ሽፋሽፍቱ፣ ጉንጩ፣ ትከሻው፣ ባቱ፣ ከቆዳው ስር ጉንዳን የሚርመሰመስ ነው የሚመስለው። በማግሥቱ የተደበደበ ያህል ያማል። ከዚያ ሦስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ትንሽ ጋላሚን ቢወጉት ግን አይንዘፈዘፍም። መጽሐፉ እኔ ጋ አለ። መድኃኒቱ አንቺ ጋ የለም።»

ሦስት ደብዳቤ ወደ አዲስ አበባ ጻፍኩለት። በየሦስት ወሩ አምስት ብልቃጥ ይላክልን ጀመር። ለየትኛው በሽተኛ ትውጣ፣ የትኛው ይቻለው እያልን መስኮቱ ላይ ስንከራከር ከረምን። ሰው በዘፈን ይዋደዳል፤ እኛ በጋላሚን ተዋደድን።

አባቱ አቶ ጠና ከጉራጌ አገር መጥተው ሆሳዕና ላይ ጨርቅ መሸጥ ከጀመሩ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። የኔ አባት አቶ ዋለ ወንጌላዊ ነበር። ካድሬዎች ቤተ ክርስቲያናችንን ካሸጉ ወዲህ እርሻውን ያርሳል፤ ስምንት ወርም ታስሮ ወጥቷል። ታኅሣሥ ላይ ዳኘ ሽማግሌ ላከ። አባቴ እንደ አገሩ ወግ ወተት አጠጥቶ፣ «ወንድሞቼን ላማክር፤ በሁለት ሳምንት ተመለሱ» አላቸው። ወንድሞቹን ካማከረ ቆይቷል፤ እናቴም ለሚመለሱበት ቀን ግብዣ ቅቤ አስቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ግን አልተመለሱም። ጥር አለቀ። የካቲትም አለቀ። ዳኘ ምንም አላለኝም፤ እኔም ምንም አልጠየቅኩትም። ሞቼ ነው የምጠይቀው!

አለመጠየቄ ግን አለማየቴ አልነበረም። ሐሙስ ሐሙስ ከሀደሮ በሚመጣው አውቶቡስ ለዳኘ ፖስታ ይደርሰዋል። ጽሕፈቱ ቀጥ ያለ፣ ያማረ የሴት እጅ ነው። እኔን ሲያይ ወደ ጋውኑ ኪስ ይከተዋል። ላኪዋ ሂሩት ነበረች፤ የአባቱ የንግድ ባልንጀራ ልጅ፣ ሀደሮ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ታይፒስት። ገና ልጆች ሳሉ አባቶቻቸው አጭተዋቸዋል ይባላል። አንድ ጊዜ እናቷን ለማሳከም መጥታ አይቻታለሁ። ረጅም ናት። ስትስቅ አፏን በእጇ አትሸፍንም። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩና ለራሴ፣ «አንቺ ጅል፣ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ተምረሽ ይህ ነው?» አልኩ። ምንም አልጠቀመኝም። ፖስታዎቹን መቁጠር ቀጠልኩ። አሥራ አንድ ደረሱ።

የለም ባልኩበት ማክሰኞ፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ እህል የጫነ መኪና ሂሩትን ይዞ ግቢያችን ገባ። ሀደሮ ላይ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ለመንደር ምሥረታ ቤት እየሠሩ ነበር። ሂሩት ቆርቆሮ ደግፋ ይዛ ሳለ ከመዶሻ ያፈተለከ ሚስማር ዓይኗን መታት። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ ሰዎች ሲሯሯጡ አየሁ። ከዚያ ዳኘ ስሟን ሲጠራ ሰማሁ። «ሂሩት!» አለ፤ ግቢው ሁሉ ዞሮ አየው። የኔን ስም እንደዚያ ጠርቶት አያውቅም። ለምንስ ይጠራዋል? እኔ ሁልጊዜ መስኮቱ ጋ አለሁ።

ከዚያ ነው እየሮጠ የመጣው። «ጋላሚን ስጪኝ! ሂሩት ናት፤ ዓይኗ ተቀዷል። ምሳ በልታለች። ጣቢታ፣ በናትሽ!»

ለሙዱላው ገበሬ «በናትሽ» አላለኝም። ለማንም ብሎኝ አያውቅም።

የለም አልኩት።

ብቻዬን ስቀር የግድግዳውን ሰዓት አየሁ። የመጀመሪያውን ደቂቃ ንዴቴ ይዞኝ አለፈ። ሁለተኛውን ራሴን አጽናናሁበት፤ ያለ ጋላሚን ስንት ሰው ተኝቶ ተነሥቷል፤ ቢበዛ ነገ ትከሻዋን ያማታል፤ ትንሽ ቢያማትስ? በሦስተኛው ላይ «ዓይኗ ተቀዷል» ያለው ድምፁ መጣብኝ። የተማርኩት ሁሉ ሳልጠራው ተሰለፈ። ሆዷ ሙሉ ስለሆነ ምግቡ ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ቱቦው በፍጥነት መግባት አለበት። በፍጥነት የሚያላላው ደግሞ ያው የሚያንዘፈዝፈው መድኃኒት ነው። ፊቷ ሲንዘፈዘፍ የዓይኗ ዙሪያ ጡንቻዎች ይጨመደዳሉ፤ የተቀደደ ዓይን ሲጨመደድ ውስጡ ያለው ተገፍቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ የቀዶ ሐኪማችን የዶክተር ሰይፈሥላሴ መርፌና ክር የሚሰፋው ባዶ ነገር ነው።

ቁልፉን ከአንገቴ ለማውለቅ አልጠበቅኩም፤ ክሩን በጠስኩት።

ኦፕራሲዮን ክፍል ስደርስ አራተኛው ደቂቃ አልፏል። ዳኘ የማስተኛውን መርፌ ይዞ ክንዷ ላይ ጎንበስ ብሏል። ዶክተር፣ «ሌላ ምርጫ ከሌለ ጀምር እንግዲህ» ይላሉ።

«አለ!» ብዬ ጮኽኩ። «አንዲት ተገኘች።»

«ተገኘች» አልኩ። አየሽ ውሸት እንዴት ሌላ ውሸት እንደሚወልድ፣ ይል ነበር አባቴ ቢሰማኝ።

ዳኘ ብልቃጧን ሲቀበለኝ ፊቴን አላየም። የብልቃጧን አንገት ሰበረ፤ በቀጭን መርፌ ጥቂት ቀዳ፤ ሂሩትን ወጋት። «ሦስት ደቂቃ» አለ። «ሲስተር ትርፊት እጇን ታጥባለች፤ ሰዓቱን አንቺ ቁጠሪልኝ።»

ቆምኩና ቆጠርኩ። ሂሩት ነቅታለች። የተጎዳው ዓይኗ ላይ ምንም እንዳይነካው የብረት ቆብ ተደፍቷል። በደኅናው ጣሪያውን፣ ከዚያ ዳኘን ታያለች።

«ደበዘዛችሁብኝ» አለች።

«መድኃኒቱ ነው፤ አትፍሪ። እጄን ጨበጥ አድርጊ።»

ጨበጠችው።

«ጠበቅ አድርጊ። አሁንስ? እንደ መጀመሪያው ነው?»

«ላላብኝ መሰለኝ... ዳኘ፣ ሽፋሽፍቴ ከበደኝ።»

«ይክበድሽ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

የመጨበጥ ኃይሏን እየለካ ነው። ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ መጽሐፉን አብረን ነው ያነበብነው። አንድ ደቂቃ ተኩል። እውቀት ግን ለዓይን አይታዘዝም። የእሷ ጣቶች በእሱ መዳፍ ውስጥ ናቸው፤ ዓይኗ ፊቱ ላይ እየከበደ እየከበደ ይወርዳል። ሁለት ደቂቃ። ሰዓቴን ማየት ነበረብኝ፤ እጃቸውን አየሁ። ከዚያ ራሴን ተቆጥቼ ወደ ሰዓቴ ተመለስኩ። ሁለት ደቂቃ ተኩል። በሕይወቴ እንዲህ የረዘመ ነገር አላየሁም።

«ሦስት» አልኩ። ድምፄ ሻክሮ ነው የወጣው።

የማስተኛውን ወጋት፤ ወዲያው የሚያላላውን። ሲስተር ትርፊት ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ትጸልያለች። ሁላችንም የሂሩትን ፊት እናያለን። ጉንጯ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ሽፋሽፍቷም። የግራ እግሯ ጣት ብቻ እንደ መንቀጥቀጥ አለና ተወ። ዳኘ ቱቦውን አስገባና፣ «ዝግጁ ናት፣ ዶክተር» አለ።

ዶክተር ሰይፈሥላሴ አንድ ሰዓት ከሩብ ሰፉ። ሲጨርሱ ጓንታቸውን እያወለቁ፣ «ማየቷን በሳምንቱ እናውቃለን። ዓይኑ ግን በቦታው አለ» አሉ። ድምፄን አውጥቼ «ተመስገን» አልኩ። ስለ ሂሩት ደስ ብሎኝ ነው ብል ደስ ባለኝ። ስለ ራሴ ነበር።

ዳኘ መተላለፊያው ላይ አገኘኝ።

«የት ተገኘች?»

«የትም አልተገኘችም። እዚያው ነበረች። አውቄ ነው የለም ያልኩህ።»

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር፤ እኔም እጮህ ነበር።

«የመድኃኒቱን ካርድ ጠዋት አይቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ ቀሪ ይላል።»

«ታዲያ ለምን አልተከራከርከኝም? ለምን መስኮቱን ሰብረህ አልገባህም?»

«የለም ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ ጣቢታ። ካርዱ ተሳስቷል ብዬ ሄድኩ።»

ይህን ብሎ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ተመለሰ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ቅናቴ አልቀነሰም። አጠገቡ ግን እፍረት ቤት ሠርቶ ነበር፤ ሁለቱ ሲነታረኩ አነጋሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሂሩት የተኛችበት ክፍል ሄድኩ። ሁለቱም ዓይኖቿ ታስረዋል፤ ደኅናው ሲንቀሳቀስ ሌላውም አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ዶክተር ሁለቱንም አሳስረዋቸዋል። እናቷ ልብስ ሊያጥቡ ወጥተዋል። የእግሬን ኮቴ ስትሰማ ፊቷ በራ።

«ዳኘ? አንተ ነህ?»

ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ብቆይ ምን እንደምትለው እሰማ ነበር። አንድ ትንፋሽ ያህል፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ፈለግኩት።

«አይደለም። ጣቢታ ነኝ። የፋርማሲዋ።»

ፊቷ ላይ የበራው ጠፋ። ደግሞ ሌላ ነገር መጣበት። «እ፣ አንቺ ነሽ» አለች። «ሽማግሌ የተላከብሽ።»

«የተላከብኝና የተረሳሁ።»

«ቁጭ በይ እስቲ። ቆመሽ ልታስጨንቂኝ ነው?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ማድበስበስ አልችልበትም። «ትናንት ላንቺ የሚያስፈልገውን መድኃኒት አራት ደቂቃ ከልክዬሽ ነበር» አልኳት። «ስምሽን ሲጠራ ሰምቼ።»

ብርድ ልብሷን ወደ ደረቷ ሳበች። ከዚያ፣ «እኔ ብሆን አምስት አደርገው ነበር» አለች።

ሁለታችንም ሳቅን። እሷ ወዲያው፣ «አታስቂኝ፣ ስፌቴ!» ብላ ፊቷን ያዘች። ቆይታ ደግሞ፣ «አይ፣ አላደርገውም ነበር» አለች። የመጀመሪያው ሳቁን ሰጠኝ፤ ሁለተኛው እስከ ዛሬ ይወጋኛል።

«እስቲ አንድ ነገር ንገሪኝ» አለች። «አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፌለታለሁ። ይደርሱታል?»

«ይደርሱታል። ቆጥሬያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አንድ እንኳ አይመልስም?»

ተነሥቼ ቆምኩ። «አንድም አልመለሰልሽም?»

«አንድም።»

ሦስት ወር ሙሉ በየሐሙሱ የሚመላለስ ፍቅር በሐሳቤ ሳበጅ ከርሜአለሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቅ ንዴት ከእግሬ እስከ ፀጉሬ ወጣብኝ፤ ለእሷ ብዬ፣ ለእሷ ተገን ቆሜ! ዳኘ የማደንዘዣ ዕቃ ወደሚያጥብበት ክፍል በሩን በርግጄ ገባሁ።

«አሥራ አንድ ደብዳቤ! አንድ ቃል አትመልስም? ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

«ምን ብዬ ልመልስላት?» አለ፤ ቱቦውን እንደያዘ። «አይሆንም ብላት አባቷ ለአባቴ ይነግራል። አባቴ...»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«አባቴ ነው የከለከላቸው። ከታሰረ ወንጌላዊ ብንጋባ ካድሬዎቹ ሱቁን ያሽጉብናል አለ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

ዝም አለ።

«ዝም አልክ! ለእሷም ዝም፣ ለእኔም ዝም፣ ለአባትህም ዝም። እኔ አራት ደቂቃ ነው የዋሸሁት፤ አንተ ሦስት ወር!»

ፊቱ ደም መሰለ። «አንቺ ከእኔ ጋር ልትፎካከሪ ነው? እሷ ዓይኗን ልታጣ ነበር!»

«አውቃለሁ! አውቃለሁ አልኩህ! ለዚህ ነው የነገርኳት። አንተስ መቼ ልትነግራት ነው?»

ሲስተር ትርፊት በበሩ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ልጆቼ፣ በሽተኛ ተኝቷል፤ ነው ወይስ እናንተንም ላስተኛችሁ?» አለች። ዳኘ ቱቦውን አስቀመጠ። ዓይኑ ግን ከዓይኔ አልተነሣም። የተቆጣሁትን ሰው ያን ያህል ማጣት እንደምፈራ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

ከሰዓት በኋላ ዳኘ ሂሩት ጋ ሊነግራት ሄደ። አላስገባችውም። «ከአፉ አልሰማም» አለች። «አሥራ አንድ ጊዜ በወረቀት ጠይቄዋለሁ፤ በወረቀት ይመልስልኝ።»

በማግሥቱ ጻፈላት። ታዲያ ማን ያንብብላት? እናቷ ማንበብ አይችሉም። ነርሶቹ ካነበቡት እስከ ማታ ሆሳዕና ሁሉ ይሰማዋል። ሂሩት፣ «ያቺን የፋርማሲዋን ጥሩልኝ» ብላ ላከችብኝ።

«ለምን እኔን?» አልኳት።

«አንቺ መጥፎ ነገር በቀጥታ ስለምትናገሪ።»

ፖስታውን ቀደድኩ። ሁለት ገጽ ነው። ቀጥ ብዬ ተቀምጬ፣ የመድኃኒት ዝርዝር እንደማነብ አድርጌ ጀመርኩ።

«ለተከበርሽው ሂሩት፤ በመዘግየቴ ይቅርታ የምጠይቅበት ቃል ስለሌለኝ አልጠይቅሽም። ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ አንዳንዶቹን ሁለት ጊዜ። ዝንጅብል ተሸክመው ወደ ሀደሮ ገበያ ስለሚወርዱት ሴቶች የጻፍሽውን ሳነብ ሽታው ክፍሌ ውስጥ የገባ መስሎኝ ነበር። ስለ ታይፕ መኪናሽ የተሰበረ ፊደል የጻፍሽው ደግሞ ብቻዬን አስቆኛል...»

ድምፄን ጠበቅኩት። ዝንጅብል! ለእኔ ስለ ጋላሚንና ስለ ጓንት ቁጥር እንጂ ስለ ምንም ጽፎልኝ አያውቅም። በአንድ ግቢ የሚውሉ ሰዎች ምን ይጻጻፋሉ?

«አንድ ጊዜ ብቻ...» ብዬ ቆምኩ።

ቀጣዩን መስመር በዓይኔ አነበብኩት። መዝለል ይቻላል። የታሰሩ ሁለት ዓይኖች ፊት መዝለል ምንኛ ቀላል ነው! ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩት።

«አንቺ» አለች ሂሩት። «ቀጥይ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስድስተኛው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ፣ ልመልስልሽ ወረቀት አውጥቼ ቁጭ ብዬ ነበር። እምቢ ልልሽ አልነበረም። ልቤን ፈራሁትና ወረቀቱን ቀደድኩት። ከዚያ ወዲህ ዝም ያልኩት ስለዚያ ነው። አንቺ ላይ ያጠፋሁት ጥፋት ዝምታዬ ነው እንጂ እምቢታዬ አይደለም። የማገባት ሌላ ናት። ለአባቴ ዛሬ ጠዋት ነግሬዋለሁ፤ ከቤት ውጣ ብሎኛል። እሁድ ያለ ሽማግሌ ብቻዬን አባቷ ደጅ እሄዳለሁ። ዓይንሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ዳኘ።»

ወረቀቱን አጠፍኩት። እሁድ ይመጣል። ሦስት ወር የጠበቅኩት ነገር እዚህ እጄ ላይ፣ በሌላ ሴት ስም ፖስታ ውስጥ ተጽፎ አለ። ደስታው መጣ፤ አልዋሽም፣ ደረቴን ሞላው። ከደስታው ስር ግን ያቺ ስድስተኛዋ ደብዳቤ እንደ ጠጠር ተቀመጠች።

የሂሩት አገጭ ይንቀጠቀጣል።

«አታልቅሺ» አልኳት። «ስፌቱ ይላላል።»

«አላለቅስም።» ከንፈሯን ነከሰች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ አገጯም ጸጥ አለ። ከዚያ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። በፋሻው ስር ፈገግ ያለች መሰለኝ።

«ስድስተኛው ላይ ምን ብዬ እንደጻፍኩለት ልንገርሽ?»

«አትንገሪኝ» አልኳት።

ከወንበሩ ግን አልተነሣሁም።